ድንኳን ጭኖ ሩቅ አገር መጓዝ

አንድ ቤተ ሰብ ድንኳኑን፣ ስንቁንና ውሃውን በመኪና ጭኖ ሆቴልና ሱቅ ወደማይገኝበት ቆላ ወይም በረሃ ይወርዳል፤ በመሸበት ይሰፍራል፤ ሲነጋም ድንኳኑን ነቅሎ ጉዞውን ይቀጥላል። እንዲህ ያለው ጉዞ በአውስትራልያና በደቡብ አፍሪካ የዕረፍት ጊዜ ማሳለፊያ ሆኖ ከተለመደ ቆይቷል። በአገራችንም፣ በተለይ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በሚገኙ ከተሞች በሚኖሩ ሰዎች ዘንድ፣ ቀስ በቀስ እየታወቀ መጥቷል።

ጉዞው ደስ የሚያሰኝ መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ይዞ ከመንደር ርቆ ማደር ተራ ሽርሽር አይደለም። በከተማ የተረሳ ውሃ ከሱቅ ይገዛል፤ በበረሃ የተረሳ ውሃ ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ስለዚህ በዚህ ምንባብ ውስጥ የድንኳን ጉዞ በታሪካችን ምን ሥር እንዳለው፣ ከየት እንደሚጀመር፣ ምን ዓይነት ዝግጅት እንደሚያስፈልገውና ያልተዘጋጀ ተጓዥ ምን እንደሚያጋጥመው በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ሀ. በቋንቋችን ውስጥ የቀረ ሰፈር

በድንኳን ማደር ለኢትዮጵያውያን ከውጭ የመጣ ልማድ አይደለም። በ17ኛው ምዕተ ዓመት ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን እስከ ቆረቆሩበት ጊዜ ድረስ፣ የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ከቦታ ወደ ቦታ እየተዘዋወሩ በድንኳን ውስጥ ነበር። እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1520 ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ዘንድ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ የንጉሡ ሰፈር እንዴት ያለ ታላቅ የድንኳን ከተማ እንደነበረ በጽሑፉ ገልጿል።

የዚህ ሰፈር ሥርዓት ዛሬም በቃላታችን ውስጥ ይነበባል። “ከተማ” የሚለው ስም “ከተመ” ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ጥንት የንጉሥ ወይም የጦር ሰፈር ማለት ነበር። “ሰፈር” የሚለውም “ሰፈረ” ከሚለው ግሥ የተገኘ ነው። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቆረቆር መኳንንቱ ከነሠራዊታቸው በየተመደበላቸው ቦታ ስለሰፈሩ፣ ብዙዎቹ የከተማዋ ክፍሎች የሰፈሩትን ሹማምንት ስም ይዘው “የእገሌ ሰፈር” ተብለው ቀርተዋል። የማዕርግ ስሞቻችንም እንዲሁ ናቸው። ቀኛዝማች የቀኙ፣ ግራዝማች የግራው፣ ደጃዝማች የደጁ አዝማች ማለት ነው። ፊታውራሪ ደግሞ ከሠራዊቱ ፊት ቀድሞ የሚጓዘው አዛዥ ነው።

ከዚህ ሥርዓት ዛሬም ቢሆን የሚቀሰም ትምህርት አለ። ሰፈሩ በየትም ቦታ ይተከል፣ የእያንዳንዱ ሰው ስፍራና ተግባር አስቀድሞ የታወቀ ነበር። በዚህም ምክንያት ያ ሁሉ ሕዝብ በመሸበት ሲሰፍር ግርግር አይበዛም ነበር። አንድ ቤተ ሰብም ከመነሣቱ በፊት ድንኳን የሚተክለው፣ እሳት የሚያነደው፣ ውሃ የሚቆጣጠረውና ሕፃናትን የሚጠብቀው ማን እንደሆነ መወሰን ይገባዋል። ሥራው ያልተከፋፈለ እንደሆነ፣ ጨለማ ሲደርስ ሁሉም ድንኳን ሲተክል ሕፃኑን የሚያይ ይጠፋል።

ለ. ሦስቱ በሮች

ከአዲስ አበባ ወደ ሩቅ አገር የሚወጣ ተጓዥ፣ እንደ ሐሳቡ፣ ከሦስት ከተሞች በአንዱ በኩል ሊያልፍ ይችላል። እነዚህም ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ናቸው። ሦስቱም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል።

የሱሉልታው መንገድ የእንጦጦን ተራራ ተሻግሮ ወደ ሰሜን ይሄዳል። የሱሉልታ ሜዳ ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ በመሆኑ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። መንገዱ ጫንጮን አልፎ፣ ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚወስደውን መገንጠያ ትቶ ጎሐ ጽዮን ይደርሳል። ከዚያም ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ዓባይን በድልድይ ይሻገርና ወደ ደጀን ይወጣል።

የቡራዩው መንገድ ወደ ምዕራብ የሚወስድ ነው። ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ የሚሰጠውን የገፈርሳን ግድብ አልፎ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪና በአምቦ በኩል ወደ ነቀምቴ ያመራል። የአዋሽ ወንዝም የሚመነጨው በጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ነው። አዋሽ ከዚያ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲ ወሰን አጠገብ በሚገኘው በአቤ ሐይቅ ያልቃል።

በሰበታ በኩል ያለው መንገድ ከዓለም ገና ላይ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው በሰበታ አልፎ በወሊሶ በኩል ወደ ጅማ ይሄዳል። ሁለተኛው በመልካ ቁንጥሬና በጢያ በኩል ወደ ቡታጅራ፣ ከዚያም ወደ አርባ ምንጭና ወደ ኦሞ ሸለቆ ያደርሳል። የጢያ ትክል ድንጋዮች በ1972 ዓ.ም.፣ መልካ ቁንጥሬ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ስለተመዘገቡ፣ ይህን መንገድ የሚመርጥ ቤተ ሰብ ገና ግማሽ ቀን ሳይጓዝ ልጆቹን ብዙ ነገር ማስተማር ይችላል።

ሐ. ልምምድ በመናገሻ ሱባ

ድንኳን ተክሎ የማያውቅ ቤተ ሰብ በመጀመሪያ ጉዞው ወደ በረሃ መውረድ የለበትም። መጀመሪያ በቅርብ ቦታ አንድ ሌሊት አድሮ ራሱን ሊፈትን ይገባል። ለዚህም ከሰበታ በላይ በወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን ተስማሚ ነው። በጥበቃ ሥር ያለ ደን ስለሆነ ከመግባት በፊት ጠባቂዎቹን ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራውና ኮሶው በአንድነት የሚታዩበት ይህ ደን የጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ መኖሪያ ነው። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው፣ በ15ኛው ምዕተ ዓመት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከሸዋ ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው አስተክለውታል።

በዚህ ደን አንድ ሌሊት ያደረ ሰው በቤቱ ሳለ ያልገመታቸውን ነገሮች ይማራል። ለምሳሌ ያህል፣ ብርድ የሚገባው ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመሬትም እንደሆነ ይረዳል። የተኛ ሰው ከሥሩ ያለው ልብስ በክብደቱ ስለሚጨፈለቅ አየር መያዝ ያቅተዋል፤ ሙቀቱም ወደ መሬት ይሄዳል። ስለሆነም ሦስት ብርድ ልብስ ያለው ሰው፣ ሁለቱን ደርቦ አንዱን ቢያነጥፍ ሦስቱንም ከሚደርብ የተሻለ ይሞቀዋል። ከዚህም ሌላ የእጅ ባትሪ፣ ክብሪትና ቢላዋ በጨለማ ተፈልገው የማይገኙ ከሆነ፣ የጓዙ አደራረግ መስተካከል እንዳለበት ይታወቃል። በሱባ የተረሳ ዕቃ ቢኖር ሰበታ ቅርብ ናት፤ ስሕተቱም በርካሽ ይታረማል።

መ. ስንቅ፣ ውሃና መኪና

በቆላ ሙቀት አንድ ሰው ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ በቀን ቢያንስ 5 ሊትር ውሃ ያስፈልገዋል። አምስት ሰዎች ያሉበት ቤተ ሰብ አራት ቀን ለመቆየት ቢያስብ 5 በ5 በ4 ተባዝቶ 100 ሊትር ይሆናል። መኪና ቢበላሽ ወይም ወንዝ ቢሞላ ለመጠባበቂያ የሁለት ቀን፣ ማለትም 50 ሊትር ሲጨመርበት 150 ሊትር ይደርሳል። ይህ ውሃ 150 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ መኪናው ሊሸከመው መቻሉ አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ውሃው በአንድ በርሜል ሳይሆን በብዙ ጄሪካኖች ይያዛል፤ አንዱ ቢፈስ ሌሎቹ ይተርፋሉና።

ስለ ስንቅ የሆነ እንደሆነ አያቶቻችን በቂ ጥበብ ትተውልናል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣና ጭኮ ዘማቹና ነጋዴው ለረጅም መንገድ ይይዟቸው የነበሩ ምግቦች ናቸው። ምግብን የሚያበላሹት ሻጋታና ባክቴሪያ ለመራባት እርጥበት ይፈልጋሉ። እነዚህ ምግቦች ግን የደረቁ ወይም የተቆሉ በመሆናቸው ለብዙ ቀን ሳይበላሹ ይቆያሉ። በሶ ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ ስለሚበጠበጥ እሳት ማንደድን አይጠይቅም።

ወደ መኪናው ስንመለስ፣ ሁለት ስኮርታ ጎማ፣ ክሪክ፣ ትርፍ ችንጋ፣ አካፋና ገመድ የሌለው መኪና ከአስፋልት መውጣት የለበትም። እንደ ዓባይ በረሃ ባለ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን እየረገጡ መውረድ አደገኛ ነው። ፍሬኑ በሰበቃው ምክንያት ይግልና መያዝ ያቅተዋል። ጥንቁቅ ሾፌር ከቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሳለ ማርሹን ወደ ሁለተኛ ወይም ወደ አንደኛ ቀይሮ፣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዘው እያደረገ ይወርዳል።

ሠ. የት ይሰፈራል?

ለጀማሪ ዓይን ከሁሉ የሚያምረው የሰፈር ቦታ፣ አሸዋው የለሰለሰና ሜዳ የሆነ የደረቀ የወንዝ መውረጃ ነው። በእርግጥ ግን ከሁሉ የከፋው ቦታ ይህ ነው። በቆላ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ በሩቅ ደጋ የጣለው ዝናብ በሌሊት ጎርፍ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በድሬዳዋ የደረሰው ይኸው ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታየው የደቻቱ ወንዝ ከደጋው በወረደ ዝናብ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ሰዎቹ ተኝተው ስለነበር ለመሸሽ ጊዜ አላገኙም። ስለዚህ ድንኳን ከውሃ መውረጃ ራቅ ብሎ፣ ከፍ ባለ ደልዳላ ቦታ ላይ ይተከላል።

ውሃ ባለበት ወንዝ ዳር መስፈርም እንዲሁ አይመከርም። በአዋሽና በኦሞ ወንዞች ውስጥ አዞ አለ፤ በወንዝ ዳርም የወባ ትንኝ ይበዛል። የአየሩ ሙቀት ወደ ታች 1,000 ሜትር በተወረደ ቁጥር በ6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ በሱሉልታ ብርድ ልብስ የደረበ ተጓዥ በዚያው ዕለት ዓባይ ሸለቆ ውስጥ አጎበር ያስፈልገዋል። ወባ ምልክቱን የሚያሳየው ትንኟ ከነደፈች ከሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ስለሆነ፣ ከጉዞ ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት የያዘው ሰው ቆላ ወርዶ እንደነበረ ለሐኪሙ ሳይደብቅ መንገር አለበት።

ከቦታው ቀጥሎ የሚታሰበው የቦታው ሰው ነው። ባዶ የሚመስል መሬት ሁሉ ባለቤት አለው፤ ግጦሹም፣ የውሃ ጉድጓዱም የአንድ ማኅበረ ሰብ ነው። “መሽቶብናል፤ አሳድሩን” ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ በአገራችን ባህል ክብር አለው። ሳይጠይቅ የሚሰፍር ግን እንደ ወራሪ ይታያል። አፋሮች “ዳጉ” የሚሉት ልማድ አላቸው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ቆም ብለው ስለ ውሃው፣ ስለ ግጦሹና ስለ አካባቢው ሰላም ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ። ለተጓዥ ከዚህ የበለጠ ካርታ የለም። በአዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1934 አዋሽን እስከ መጨረሻው ተከትሎ ሊሄድ የቻለው፣ የአውሳውን ሱልጣን አግኝቶ ፈቃድ ከተቀበለ በኋላ ነበር። ባለፉት ዓመታት በልዩ ልዩ የአገራችን ክፍሎች ጸጥታ ስለደፈረሰ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ከመነሣት በፊትና በየደረሱበት መጠየቅ ግዴታ ነው። “ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” የሚለው ተረት ለተጓዥ በሁለት በኩል ይሠራል።

ረ. ዘጠኝ ሰዓት

መልእክትን በትክክል መተው ምን ያህል የሕይወትና የሞት ጉዳይ እንደሆነ ለመረዳት፣ ከአውስትራልያ ታሪክ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በነሐሴ ወር 1860 ሮበርት በርክ የሚባል ሰው የሚመራው ቡድን አህጉሩን ከደቡብ ወደ ሰሜን ለማቋረጥ ከሜልበርን ከተማ ተነሣ። ቡድኑ መኻል በረሃ በሚገኘው በኩፐር ወንዝ ዳር ከሰፈረ በኋላ፣ በርክ፣ ዊሊያም ዊልስና ሌሎች ሁለት ሰዎች ወደ ሰሜን ሲቀጥሉ፣ የቀሩት ሦስት ወር እንዲጠብቁ ታዘዙ። እነዚህም ከአራት ወር በላይ ጠበቁ። በመጨረሻም ጓደኞቻቸው የሞቱ መስሏቸው ጥቂት ስንቅ ከዛፍ ሥር ቀበሩ፤ “ቆፍሩ” የሚል ቃልም በዛፉ ላይ ቀርጸው ሄዱ። ይህም የሆነው ሚያዝያ 21 ቀን 1861 ጧት ነበር። በዚያው ዕለት ማታ፣ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ብቻ ዘግይተው፣ በርክና ሁለት ባልደረቦቹ ደክመውና ተርበው ደረሱ። አራተኛው ሰው ከጥቂት ቀን በፊት ሞቶ ነበር።

የተቀበረውን ስንቅ አገኙ። የት እንደሚሄዱ የሚገልጽ ደብዳቤም ጽፈው በጉድጓዱ ውስጥ ቀበሩ። ነገር ግን ጉድጓዱን እንደነበረ አስመስለው ደፈኑት፤ በዛፉ ላይም አዲስ ምልክት አላደረጉም። ከሁለት ሳምንት ተኩል ያህል በኋላ ከሄዱት ሰዎች መሪው ተመልሶ መጣ፤ ምንም የተለወጠ ነገር ስላላየ፣ ማንም እንዳልደረሰ ቆጥሮ ሳይቆፍር ሄደ። በርክና ዊልስ በዚያው በወንዙ ዳር በረሃብ አለቁ። የተረፈው ጆን ኪንግ ብቻ ነበር። እርሱንም ያዳኑት የአገሩ ተወላጆች የሆኑት የያንድሩዋንዳ ሰዎች ናቸው። የውጭዎቹ ሰዎች “ባዶ በረሃ” ባሉት ምድር እነርሱ ከጥንት ጀምሮ ይኖሩበት ነበር።

ደብዳቤው ተጽፎ ነበር፤ ችግሩ ግን የሚያነበው ሰው መኖሩን እንዲያውቅ አልተደረገም። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ወደ ሩቅ አገር የሚጓዝ ቤተ ሰብ ሳይነሣ፣ የሚሄድበትን መንገድ፣ የሚሰፍርባቸውን ቦታዎችና የሚመለስበትን ቀን ጽፎ ለዘመድ ይተዋል። በተባለው ቀን ካልተመለሰ ማን ለማን እንደሚያመለክት አብሮ ይጻፋል። የእጅ ስልክ ይህን አይተካም፤ በገደልና በበረሃ መስመር የማያገኝበት ቦታ ብዙ ነውና። መኪና በበረሃ ከቆመም ጥሎ መሄድ አይገባም። መኪና ከሩቅ ይታያል፤ ጥላ ይሰጣል፤ ውሃውም በውስጡ ነው። በፀሐይ በእግሩ የሚጓዝ ሰው ግን ውሃውን በላብ ይጨርሳል፤ ለሚፈልጉትም ሰዎች በቀላሉ አይታይም።

ሰ. ሰፈር ሲነቀል

የጥንቱ የነገሥታት ሰፈር አንድ ቦታ ላይ ብዙ ከቆየ የአካባቢውን እንጨትና እህል ይጨርስ ነበር፤ ዘወትር ከሚንቀሳቀስበት ምክንያትም አንዱ ይኸው ነው። አዲስ አበባ እንኳ እንጨት ስላለቀባት፣ ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዋና ከተማውን በቡራዩ መንገድ ላይ ወደምትገኘው ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ካስቀሯት ነገሮች አንዱ ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ እንደዚያ መሰደድ አይቻልም፤ በተራቆተው ቦታ ፋንታ የሚሄዱበት ሌላ ደን የለምና። ስለዚህ ተጓዥ እርጥብ ዛፍ አይቆርጥም። እሳቱን በውሃ አጥፍቶ፣ አመዱን በእጁ ዳስሶ መብረዱን ያረጋግጣል፤ ቆሻሻውንም ሰብስቦ ይመለሳል።

እንግዲህ የድንኳን ጉዞ ሰውን ከቤቱ ምቾት አውጥቶ የውሃን፣ የጥላንና የጎረቤትን ዋጋ የሚያሳውቅ ትምህርት ነው። ልጅ በክፍል ውስጥ በካርታ ያየውን አዋሽን ወይም ዓባይን በዓይኑ አይቶ ይመለሳል። ነገር ግን በደኅና እንዲመለስ ከፈለግን፣ ጉዞው የሚጀመረው መኪናው ሲነሣ ሳይሆን፣ ቤተ ሰቡ ወረቀትና እርሳስ ይዞ በገበታው ዙሪያ ሲቀመጥ ነው።

መልመጃ

1. የንጉሥ ሰፈር ሥርዓት ለዛሬው ተጓዥ ምን ያስተምራል? በራሳችሁ አነጋገር መልሱ።
2. “ደጃዝማች፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች፣ ፊታውራሪ” የሚሉት ጥምር ቃላት ከምን ከምን እንደተመሠረቱ ለያይታችሁ አሳዩ።
3. ሰባት ሰዎች ያሉበት ቤተ ሰብ ሦስት ቀን ቆላ ለመሰንበት ቢያስብ፣ የሁለት ቀን መጠባበቂያ ጨምሮ ስንት ሊትር ውሃ ሊይዝ ይገባዋል?
4. በርክና ባልደረቦቹ ደብዳቤ ጽፈው ሳለ ለምን አልተገኙም? ከዛፉ ላይ ምን ብለው ቢቀርጹ ኖሮ ይድኑ ነበር?
5. ከምትኖሩበት ቦታ ተነሥታችሁ ለአራት ቀን ጉዞ የምትሄዱ አድርጋችሁ በመቁጠር፣ ለዘመድ የሚተው መልእክት ከአሥር መስመር ሳይበልጥ ጻፉ። ጓደኛችሁ መልእክቱን አንብቦ፣ በአራተኛው ቀን ማታ የት ሊፈልጋችሁ እንደሚገባ ይናገር።